የላማና የአልፓካ ባለቤቶች የአንድ ቀን ልምምድ፦ ከመያዣው በረት እስከ ጥፍር ቆረጣ

የግመል ዘመድ የሆኑትን አልፓካ ወይም ላማ ከገዙ ጥቂት ወራት የሆናቸው ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ችግር አንድ ነው፦ «ሆልተር (የራስ ማሰሪያ) ስናጠልቅለት ያብዳል፤ ይወድቃል፤ አልሄድም ይላል።» በዚህ የተነሳ ጥፍሩ ሳይቆረጥ፣ ክብደቱ ሳይታይ ይከርማል። ሐኪም የመጣ ቀን ደግሞ ሦስት ሰው ተረባርቦ ነው የሚይዘው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእንስሳው ጠባይ አይደለም። ሆልተሩ የተቀመጠው ያለ ቦታው ነው፤ እንስሳውም የተያዘው መያዝ በማይገባው ስፍራ ነው።

ይህ መመሪያ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ሆናችሁ፣ ከመካከላችሁ በአንዱ ግቢ፣ በአንድ ቀን እንድትለማመዱ የተዘጋጀ ነው። ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ባለኝ ትንሽ መንጋ ላይ ደጋግሜ የሠራሁበት ቅደም ተከተል ስለሆነ አትዝለሉት። ሆልተር የምለው አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለውን የራስ ማሰሪያ ነው፤ ከፈረስ ልጓም ጋር አታምታቱት።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

እንግዳ እንስሳ አይግባ

ተሳታፊዎች የየራሳቸውን እንስሳ ይዘው መምጣት ይፈልጋሉ። እምቢ በሉ። ከሌላ ግቢ የመጣ አልፓካ ላዩ ጤነኛ መስሎ የከብት ተቅማጥ ቫይረስን ወይም የሆድ ትላትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ የተገዛ እንስሳ እንኳ 30 ቀን ያህል ከመንጋው ተለይቶ የሚቆየው ለዚህ ነው። ልምምዱ በአስተናጋጁ እንስሳት ብቻ ይሁን። እንግዶቹም ታጥቦ የደረቀ ጫማ አድርገው፣ በራሳቸው በረት ያልዋለ ልብስ ለብሰው ይምጡ። ውሻ ግን በፍጹም አይምጣ፤ በመኪና ውስጥም ቢሆን። ላማና አልፓካ ውሻን የሚያውቁት አዳኝ አድርገው ነው፤ አንድ ጩኸት ብቻ የጠዋቱን ልፋት ገደል ይከተዋል።

የትኞቹን እንስሳት ትመርጣላችሁ?

ለስድስት ሰው አራት እንስሳ ይበቃል። ከአራቱ አንዱ የረጋና ሌሎቹ የሚከተሉት ይሁን። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ግን ከልምምዱ አውጡ፦

- ያልተኮላሸ ጎልማሳ ወንድ
- እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት
- ከስድስት ወር በታች የሆነ፣ ጡት ያልጣለ ግልገል
- የታመመ፣ የከሳ፣ ወይም ገና አዲስ የገባ

የቀኑን ሙቀት አስሉ

እዚህ አሜሪካ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የሙቀቱን መጠን በፋራናይት ያዙ፤ የአየሩን እርጥበት በመቶኛ ደምሩበት። ድምሩ ከ120 በታች ከሆነ ችግር የለም። 150 ከደረሰ ቀኑን አስተላልፉ። ከ180 በላይ ከሆነ እንስሳው ምንም ሥራ ሳይሠራ እንኳ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለምሳሌ 85 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 70 ከሆነ ድምሩ 155 ነው፤ ለእኛ ደስ የሚል የሰኔ ጠዋት ሊሆን ይችላል፣ ጸጉሩ ላልተሸለተ አልፓካ ግን አይደለም። ልምምዱን በጸደይ ከሽልት በኋላ ወይም በመስከረም መጨረሻ ብታደርጉት ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ በረቱን መሥራት

የመጀመሪያውን ልምምድ የጠራሁት በሜዳ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰው መጣ። እጃችንን ዘርግተን ከጥግ ጥግ አሯሯጥናቸው። አንዲቱን ቡናማ አልፓካ በመጨረሻ ስንይዛት ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር። ቸኩለን ሆልተር አጠለቅንላት፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ በጎኗ ተዘረጋች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ማሰሪያው ወደ ታች ተንሸራቶ የአፍንጫዋን ቀዳዳዎች አጣብቋቸዋል፤ እሷ አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። አውልቄላት ቆማ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሜዳ እንስሳ ይዤ አላውቅም። በረት ከሌላችሁ ልምምዱን አትጥሩ።

መጠኑ

3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በረት ሥሩ። ከዚያ ከሰፋ ማባረር ይመጣል። ከዚያ ከጠበበ ደግሞ እንስሳው ከእናንተ አንድ እርምጃ የሚርቅበት ቦታ ያጣና አጥሩን ሊዘል ይሞክራል። ተንቀሳቃሽ የብረት አጥር ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ቢሆን ጥሩ ነው። እግር ወይም ራስ የሚሾልክበት ክፍተት እንዳይኖር ከታች እስከ ላይ እዩት። መሬቱ አያንሸራትት፤ ጭቃ ከሆነ ደረቅ ጭድ በትኑበት።

ልማድ ማስያዝ

1. በረቱ ከልምምዱ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ተሠርቶ ይለቅ።
2. በየቀኑ ድርቆሹን እዚያ ውስጥ ስጧቸው፤ በሩን ክፍት ተዉት።
3. በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እየበሉ ሳሉ በሩን ዝጉ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቱ። ምንም አትንኳቸው።
4. በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው ገብቶ ጥግ ላይ ይቁም፤ ወጥቶ ይሂድ።

እንዳይገቡ የፈራችሁ እንደሆነ አንዱን ብቻ ለማስገባት አትሞክሩ። የመንጋ እንስሳት ናቸው፤ ለብቻው የተዘጋበት አልፓካ አይማርም፣ መውጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁልጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አብረው ይግቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሦስት መጠን ሆልተር፤ የአልፓካው ለአልፓካ፣ የላማው ለላማ ተብሎ የተሠራ። የፍየል ወይም የውርንጭላ ሆልተር አይሆንም።
- 3 ሜትር ገደማ የሚረዝም ለስላሳ መሪ ገመድ፣ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ
- የጥፍር መቁረጫ መቀስ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ መቀሱን የሚያጸዳ አልኮል
- ኮርንስታርች (ከበቆሎ የሚሠራ ነጭ ዱቄት) በትንሽ ኩባያ፤ ለደም ማቆሚያ
- የእንስሳ ቴርሞሜትር፣ ደብተርና እርሳስ
- የእንስሳት ሐኪማችሁ ስልክ ቁጥር ተጽፎ አጥሩ ላይ የተለጠፈ

ደረጃ 3፦ ጠዋት፣ ሰው ለሰው

ከእንስሳው በፊት ሰዎቹ ይለማመዱ። «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፣ እንለፈው» የሚል አይጠፋም። አትለፉት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

የራሳችሁን አፍንጫ ዳስሱ። ሁሉም ሰው ጣቱን ከዓይኖቹ መሐል አድርጎ ወደ ታች ያንሸራት። ላይኛው ክፍል ጠንካራ አጥንት ነው። ትንሽ ወረድ ሲል ጣት የሚያጎብጠው ቅርጭጭት ይመጣል። አሁን ቅርጭጭቱን በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ፣ አሥር እርምጃ ሂዱ። አልፓካ በተፈጥሮው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፤ በአፉ የሚተነፍሰው ሲጨንቀው ነው። ሆልተሩ ሲንሸራተት የሚሰማው ይህ ነው።

ገመድ ያዙ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የገመዱን ጫፍ ይያዝ፤ ሌላው ይምራው። መጀመሪያ ሳያቋርጥ ይጎትተው። ቀጥሎ ትንሽ ሳብ ያድርግና ወዲያው ያላላ፣ ሳብ ያድርግና ያላላ። የተጎተተው ሰው በመጀመሪያው ላይ ሳያስበው ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በሁለተኛው ግን ይከተላል። እንስሳውም እንዲሁ ነው።

ሆልተሩን በክንድ ላይ አጥልቁ። የጓደኛችሁ ጭብጥ አፍንጫ፣ ክርኑ ማጅራት ይሁን። በዘለበቱ ሳትደናበሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትቆልፉት ድረስ ደጋግሙ።

ገጠር ላደጋችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በግ በጸጉሩ ወይም በእግሩ ይያዛል፤ አህያ በጆሮዋ ትያዛለች፤ ጥጃ በአንገቱ ገመድ ይጎተታል። እጃችሁ ሳታዝዙት ወደዚያ ይሄዳል። እዚህ ሦስቱም አይሠሩም። ጆሮ አትጠምዝዙ፤ ጸጉር አትጨብጡ፤ አንገት ላይ ገመድ አስራችሁ አትጎትቱ። የዘመዳቸውን የግመልን ጠባይ የምታውቁ ግን የምትቀሩት በጥቂቱ ነው፤ ሲቆጡ መንበርከኩን፣ መትፋቱን፣ ሲለምዱ ደግሞ በድምፅ መታዘዙን ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ማስገባትና መያዝ

1. ሁለት ሰው ብቻ ይግባ። ሌሎቹ ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብለው ዝም ይበሉ።
2. ከኋላ ሆናችሁ በዝግታ ተራመዱ፤ ድርቆሹ ይጥራቸው። እጅ አትዘርጉ፤ ረጅም ዱላም አትወዝውዙ።
3. በሩ ሲዘጋ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ ምንም አታድርጉ።
4. ከጎን በኩል ወደ ትከሻው ቅረቡ። ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ዓይን ለዓይን አትፋጠጡ።
5. ሁለታችሁ ገመዱን በመሐላችሁ ይዛችሁ፣ ከአንገቱ በላይ አሳልፉና ላይኛው አንገት ላይ በዝግታ አሳርፉት። ወደ እናንተ አትሳቡት፤ እናንተ ወደ እሱ ሂዱ።
6. ሁለት እጃችሁን ልክ ከመንጋጋው ሥር፣ አንገቱ በጣም በሚቀጥንበት ቦታ እንደ አምባር ዙሪያውን አድርጉ። አትጭመቁ።

እንስሳው በአራት እግሩ እኩል ቆሞ እንደሆነ እዩ። ክብደቱ ወደ እናንተ ካዘነበለ ተደግፎባችኋል፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ እየጎተታችሁት ነው። ትንሽ አላሉለት፤ ራሱን ያስተካክላል። ይህን አያያዝ እዚህ አገር በየመንደሩ እየዞረች ያስተማረችው ማርቲ ማጊ ቤኔት ናት፤ ላማም አልፓካም በጉልበት ሳይሆን በሚዛን እንደሚያዝ ከእሷ ትምህርት የወሰድኩት ነው።

እንዲህ ከሆነስ?

በበረቱ ውስጥ መዞር ከጀመረ፦ አትከተሉት። መሐል ላይ ቁሙ፤ ጓደኞቹ ሲረጉ እሱም ይረጋል።

ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ አፍንጫውን ወደ ላይ ካነሳ፦ ሊተፋ ነው። ፊታችሁን አዙሩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። አትጩኹ፤ አትምቱ። ከሆድ የወጣ አረንጓዴ ነገር ይሸታል እንጂ አይጎዳም። ደጋግሞ የሚተፋ ከሆነ በዚያ ቀን እሱን ተዉትና ሌላ ያዙ።

ከመርገጡ ተጠንቀቁ፦ የኋላ እግራቸው ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ፊትም ይወረወራል። ከትከሻው አጠገብ ተለጥፋችሁ ቁሙ፤ ወይም ጨርሶ ራቁ። መሐሉ ነው አደገኛው። ጎልማሳ ላማ ከ130 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል።

ደረጃ 5፦ ሆልተር ማጥለቅ

የዕለቱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስጡት። ጥፍር ሳይቆረጥ ቢቀር ሌላ ቀን አለ።

አጥንቱን ፈልጉ

አንዱ እንደ አምባር ይዞ ሳለ ሌላው ጣቱን ከዓይኑ ሥር አንስቶ በአፍንጫው አናት ላይ ወደ ታች ያንሸራት። የአልፓካ ፊት አጭር ነው፤ አጥንቱ ካሰባችሁት በጣም ቀድሞ ያልቃል። ጣታችሁ መስመጥ የጀመረበትን ቦታ ልብ በሉ። ማሰሪያው ከዚያ በላይ እንጂ በዚያ ላይ አያርፍም። ጸጉር ፊቱን በሸፈነው አልፓካ ላይ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ

1. የአፍንጫውን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው አስፉት። የማጅራቱን ማሰሪያ ፍቱት።
2. እንስሳው ወደሚያይበት አቅጣጫ ዞራችሁ ትከሻው አጠገብ ቁሙ።
3. ሆልተሩን ከታች ወደ ላይ አምጡት። ቀለበቱን አፍንጫው ፊት ያዙና ጠብቁ። ብዙዎቹ ሊያሸቱ ሲሉ ራሳቸው ይገቡበታል።
4. የማጅራቱን ማሰሪያ ከጆሮዎቹ ጀርባ፣ ከራስ ቅሉ ሥር አሳልፉና መጀመሪያ እሱን አጥብቁት።
5. የአፍንጫው ማሰሪያ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከዓይኑ የሚርቀው አንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ይሁን። ዓይኑን ግን አይንካ።
6. የአፍንጫውን ማሰሪያ ስፋት በመጨረሻ አስተካክሉ። ከመንጋጋው ሥር ሁለት ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት።

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አራተኛውና ስድስተኛው ላይ ነው። ለእንስሳው አዝኖ ማጅራቱን ያላላል፤ እንዳይወልቅ ፈርቶ አፍንጫውን ያጠብቃል። ትክክሉ ግልባጩ ነው። ሆልተሩን አጥንቱ ላይ የሚይዘው ማጅራቱ ነው፤ አፍንጫው ላላ ማለት ያለበት እንስሳው ማኘክና ማመስኳት ስላለበት ነው።

ሁለት ፈተናዎች

አንደኛ፣ የአፍንጫውን ማሰሪያ በጣት ይዛችሁ ወደ አፉ አቅጣጫ ሳቡት። ከአጥንቱ ወርዶ ቅርጭጭቱ ላይ ከደረሰ ማጅራቱን አንድ ቀዳዳ ጨምራችሁ አጥብቁ። አሁንም ከወረደ ሆልተሩ የእሱ መጠን አይደለም፤ ትንሹን አምጡ። በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሆኖ የሚወርድን ሆልተር «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ አትጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ ስጡት። መንጋጋው ግራና ቀኝ በነጻነት ከሄደ ጥሩ ነው። ድርቆሹ ከአፉ እየወደቀ ከሆነ ጠብቋል።

ትክክል ሲሆን የማጅራቱን ቀዳዳ ቁጥር ከስሙ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። ጸጉሩ ሲያድግና ሲሸለት ቁጥሩ ይለወጣል።

ካበደ ወይም ከወደቀ

አትጎትቱ። የመጀመሪያ እንቅስቃሴያችሁ ገመዱን ማላላት ይሁን። ቀጥሎ ማሰሪያው የት እንዳለ እዩ፤ ቅርጭጭቱ ላይ ከሆነ ወዲያው ወደ ላይ ግፉት ወይም አውልቁት። ተንበርክኮ ከተቀመጠ በሆዱ ሥር ገብታችሁ ለማንሳት አትሞክሩ፤ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ጠብቁ። ጓደኛው ፊት ለፊቱ ሲያልፍ አብዛኞቹ ይነሳሉ። አሥር ደቂቃ አልፎት በአፉ እየተነፈሰ ከቀጠለ ወደ ጥላ ውሰዱት፤ ሙቀቱን ለኩ። የጎልማሳ ጤናማ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ40 ካለፈ ሆዱንና የእግሮቹን መሐል በቀዝቃዛ ውሃ እያራሳችሁ ሐኪም ጥሩ። ጀርባውን ብቻ አታርጥቡ፤ የረጠበው ጸጉር ሙቀቱን ያፍነዋል።

ሆልተር አጥልቃችሁ ብቻውን ሜዳ ላይ አትልቀቁ። በአጥር ሽቦ ይያዛል፤ በማደግ ላይ ባለ ግልገል ፊት ላይ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 6፦ መምራት

አጥሩ ውስጥ ጀምሩ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ እያጠፋችሁ ያዙት። ከጎኑ ሆናችሁ ሳብ አድርጉ፤ አንድ እግር እንዳነሳ ወዲያው አላሉ። ሽልማቱ መላላቱ ነው። አንድ እርምጃ፣ እረፍት፤ ሁለት እርምጃ፣ እረፍት። ለመጀመሪያ ቀን አሥር ሜትር በቂ ነው። የረጋውን አስቀድሙ፤ ሌላው ይከተል። ለአንድ እንስሳ በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ አትለፉ።

ምሳና ቡና አሁን ይሁን። ቡናው የሚፈላው ከበረቱ ራቅ ብሎ ነው። እንስሳቱ ሆልተራቸው ወልቆላቸው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፉ። በጋራ የሚጠቀሙበትን የበጠጥ ክምር ሲጎበኙ ብታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ዘና ብለዋል ማለት ነው። በዚያው ክምሩን እዩት። ፍሬ ፍሬ ከሆነ መልካም ነው፤ ልል ከሆነ ናሙና ወስዳችሁ ለሐኪም ላኩ።

ደረጃ 7፦ ጀርባና ዓይን

ጸጉር ይዋሻል። ከሩቅ ሲያዩት የደለበ የመሰለ አልፓካ ሲዳሰስ አጥንት ሊሆን ይችላል።

መዳፋችሁን ከትከሻው ኋላ፣ በጀርባው መሐል አከርካሪው ላይ አሳርፉ፤ አውራ ጣት በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ ጣቶች በሌላው። ጎንና ጎኑ እንደ ቤት ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5 ነጥብ 3 ስጡት። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ አከርካሪው ከተሳለ 1 ወይም 2 ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ አከርካሪውን መፈለግ ካስፈለገ 4 ወይም 5። ስድስቱም ሰው አንዱን እንስሳ ይዳስስ፤ ቁጥሩን ሳይነጋገር ይጻፍ፤ ከዚያ አወዳድሩ። የማይስማሙበት እንስሳ ካለ እንደገና ዳስሱ። ነጥቡን በየወሩ በደብተር መመዝገብ ከየትኛውም መድኃኒት ቀድሞ ያስጠነቅቃችኋል።

ቀጥሎ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጉ። ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን። ነጣ ካለ ደም የሚመጥ የሆድ ትል ሊኖር ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ፣ ሰኞን አትጠብቁ።

ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲህ በምሥራቅ አሜሪካ ያላችሁ ሌላም አለባችሁ። ነጭ ጭራ ያለው አጋዘን ተሸክሞት የሚዞረው ትል በቀንድ አውጣ በኩል ወደ ላማና አልፓካ ገብቶ የጀርባቸውን ነርቭ ይጎዳል። የኋላ እግሩ የሚወላገድ፣ ጥፍሩን መሬት ላይ የሚጎትት እንስሳ ካያችሁ ሰዓት አታባክኑ። የመከላከያ መርፌውን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። በእኔ ልምምድ ላይ ከሐኪም በቀር ማንም መርፌ አይወጋም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ጥፍር

ላማና አልፓካ ኮቴ የላቸውም። እያንዳንዱ እግር ሁለት ጣት፣ ከሥሩ ለስላሳ መዳፍ አለው። ጥፍሩ ሲረዝም ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ጣቱንም ይዞት ይዞራል። እንደ መሬቱ ድንጋያማነት በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ እዩት። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወይም በጤዛ ሜዳ ከዋሉ ጥፍሩ ይለሰልሳል፤ መቀሱም አያዳልጥም።

1. አንዱ ሰው በሆልተሩና በአምባር አያያዝ ራሱን ይያዝ። አጥር ላይ በገመድ አሳጥራችሁ አትሰሩት።
2. ቆራጩ እጁን ከትከሻ ጀምሮ በእግሩ ላይ በዝግታ ያውርድ። መጀመሪያ ብቻ ይንካ፤ ያንሳ። ሦስት ጊዜ ይድገም።
3. በፊት እግር ጀምሩ። እግሩን በተፈጥሮ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ትንሽ ብቻ አንሱ፤ ወደ ጎን አትዘርጉ። ብዙ ሰው እግሩን ወደ ራሱ ጉልበት ይስባል፤ እንስሳው ሚዛኑን ያጣና ይራገጣል።
4. በብሩሽ ጭቃውን አውጡ። መዳፉና ጥፍሩ የሚለዩበትን መስመር እዩ።
5. ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጠርዝ በስሱ፣ ቅርፊት ቅርፊቱን ቁረጡ። ጥፍሩ ከመዳፉ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ። ሮዝ ቀለም ከታየ አልፋችኋል።
6. አንድ እግር ስትጨርሱ አሳርፉት፤ እረፍት ስጡት።

እግሩን ቢነጥቃችሁ አትታገሉ፤ እጃችሁ ከእግሩ ጋር ሄዶ መሬት ያሳርፈውና እንደገና ያንሳ። እየታገለ ሳለ መልቀቅ ግን ማምለጥን ያስተምረዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ አጭር ጊዜ ያዙት፤ ሳይነጥቅ እናንተ አስቀድማችሁ ልቀቁ።

ከደማ ኮርንስታርች ነስንሱና በጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ጫኑ። ቀን ሙሉ ንጹሕና ደረቅ ቦታ ይዋል። ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ስትሄዱ መቀሱን ጠርጋችሁ በአልኮል አጽዱ።

አራቱንም እግር በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት የፊት እግር ትልቅ ሥራ ነው።

ደረጃ 9፦ መሰናክል

ጊዜ ከተረፈ ብቻ። መሬት ላይ የተነጠፈ ሸራ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ግንድ፣ ሰፊ ሳንቃ ይበቃሉ። ቀርቦ ያሽትተው፤ ያስብ። አንድ እግር ካሳረፈ አላሉና መልሱት። ነገ የመኪና ተጎታች ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው። ላማ ጭነት እንዲሸከም ለምትፈልጉ ደግሞ አራት ዓመት ሳይሞላው አትጫኑት፤ ደርሶና ተገርቶም ቢሆን ከክብደቱ ሩብ ገደማ አይለፍ።

ልጆች ካሉ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ወንድ ግልገልን ማቀፍ፣ በጡጦ ማባበል፣ እንደ ቡችላ ማጫወት አይፈቀድም። ሰውን እንደ ወገኑ ቆጥሮ ያደገ ወንድ ጎልማሳ ሲሆን ሰውን እንደ ባላንጣ ወንድ ይጋፈጣል፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። ልጆቹ የረጋውን ጎልማሳ ከአዋቂ ጋር ይምሩ።

ደረጃ 10፦ መልቀቅ

ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት የሠራ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። እንስሳውም ሆልተሩ ሲላላ ፈትልኮ መሮጥን ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ዘለበቱን ስትነኩ ራሱን ይወረውራል።

1. ወደ ትንሹ በረት መልሱት። በሩ ዝግ ይሁን።
2. አንድ እጅ ላይኛው አንገት ላይ እንዳለ ሆልተሩን በቀስታ አውልቁ።
3. እጃችሁን አታንሱ። ራሱ እስኪረጋ፣ ትንፋሹ እስኪዘገይ ጠብቁ።
4. እጃችሁን አንሱና እናንተ ቀድማችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ የምትለዩት።
5. ሁሉም ሲፈቱ ድርቆሽ አስቀምጡ፤ በሩን የምትከፍቱት መብላት ሲጀምሩ ነው።

ማታ ደብተሩን ሙሉት፦ የሆልተር ቀዳዳ፣ የጀርባ ነጥብ፣ የዓይን ቀለም፣ የተቆረጠ እግር፣ የቀረ እግር። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ድርቆሹን እዚያው በረት ውስጥ ስጧቸው፤ በሩን ክፍት ተዉት፤ ማንንም አትንኩ።